ማኅበራዊ ሥነ ልቡናን ለምን መረጥሁ?

«ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ልትማር አስበሃል?» ለሚሉኝ ሁሉ «ማኅበራዊ ሥነ ልቡና» ብዬ ስመልስ፥ ጎረቤቶቻችን «እብድ ልታክም ነው እንዴ?» ይሉኛል። አባቴም ሐኪም እንድሆንላቸው ይመኛሉ። ምኞታቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም አሳቤን በዚህ መጽሔት ልግለጥ።

ይህ ትምህርት በይበልጥ የሚመረምረው ጤነኛውን ሰው ነው፤ ይኸውም ብቻውን ሲሆን አንድ፥ ከሰው መካከል ሲቆም ሌላ የሚሆንበትን ምክንያት ነው። አምና በክፍላችን ጓደኞቼ ለተሳሳተ መልስ እጃቸውን ሲያነሡ፥ እውነተኛውን እያወቅሁ እኔም አነሣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በኋላ ግን ሰሎሞን አሽ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ያሳተመውን ጥናት ታሪክ አነበብሁ። የመስመሮች ርዝመት በግልጽ እየታየ፥ ሌሎቹ አስቀድመው ተመካክረው የተሳሳተውን ሲመልሱ፥ ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረው ተሳስተዋል።

የተፈተኑት ግን የአሜሪካ ተማሪዎች ናቸው። በእኛ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። ታዲያ ሰው የሚወጣው አዝኖ ነው፥ ቅጣቱን ፈርቶ ነው፥ ወይስ የጎረቤቱን ዐይን አፍሮ? ደግሞስ በደቦ አብሮ ያጨደ ሰው ከባላጋራው ጋር ቶሎ ይታረቃልን? ይህን አጥብቆ ሊጠይቅ የሚችል እዚሁ ያደገ ልጅ ይመስለኛል።

መንገዱ ረጅም ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሥነ ልቡናን ለብቻው የሚያስተምረው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። አባቴ «እንጀራውስ?» ይላሉ። ለዚህ ገና መልስ አላገኘሁም።