የጥገና መጽሐፍ በሽፋኑ አይመረጥም

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ከሚሽከረከሩት መኪኖች መካከል ብዙዎቹ ከሚያሽከረክሯቸው ወጣቶች በዕድሜ ይበልጣሉ። ከጎርጎራና ከደብረ ታቦር አቧራ ለብሰው የሚመጡት ላንድክሩዘሮች፣ መምህራንና ነጋዴዎች የሚመላለሱባቸው ኮሮላዎች፣ እህል ጭነው የሚገቡት አይሱዙዎች ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ናቸው። ይህ ሁኔታ በቅርቡ የሚለወጥ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን ይጠበቃሉ።

አሮጌ መኪና መያዝ ግድ ከሆነ በአግባቡ መጠገንም ግድ ይሆናል። በአግባቡ ለመጠገን ደግሞ መኪናውን የሠራው መሐንዲስ ምን እንዳሰበ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሐሳብ የሚገኘው በተለምዶ “ማኑዋል” በምንለው የጥገና መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ብዙዎቻችን መመሪያ የምንመርጠው በተሳሳተ መንገድ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የመኪናችንን ስምና ፎቶግራፍ ካየን ይበቃናል። ትክክለኛው መጽሐፍ የሚታወቀው ግን በመኪናው የፋብሪካ መለያ ነው። መጽሐፉ ከተገኘ በኋላም ቁጥሮቹ እኛ ባለንበት ከፍታ ተመዝነው መነበብ ይኖርባቸዋል።

ሦስት ዓይነት መጻሕፍት

የመኪና መመሪያዎችን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው በጋቢናው ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው የባለቤቱ መመሪያ ነው። የመብራቶቹን ትርጉም፣ የዘይቱን ዓይነት፣ የጎማውን ነፋስ መጠን ይነግረናል፤ ሞተር ግን አያስፈታንም። ሁለተኛው የፋብሪካው የጥገና መመሪያ ነው። ይህ ለሠለጠነ መካኒክ የተጻፈ ሲሆን፣ እንደ ቶዮታ ያሉ ኩባንያዎች ሞተሩን፣ ሻንሲውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በተለያየ ጥራዝ ያሳትሙታል። ሦስተኛው ከፋብሪካው ውጭ ያሉ አሳታሚዎች ለተራው ባለ መኪና ያዘጋጁት ነው።

የሦስተኛው ዓይነት መጽሐፍ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጆን ሄይንስ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ ከቀይ ባሕር ማዶ በኤደን ሳለ፣ የጓደኛውን አሮጌ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ለማደስ ይረዳዋል። የፋብሪካው መመሪያ ለተራ ሰው የማይመች ሆኖ ስላገኘው፣ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ እያነሣ መዘገበው። ከዚያ በመነሣትም እ.ኤ.አ. በ1966 በስሙ የሚታወቀውን የመጀመሪያውን የጥገና መጽሐፍ አሳተመ። የሄይንስ መጻሕፍት ብርታት መኪናውን በእውነት ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ ያዩትን ማሳየት ነው። ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

ይሁን እንጂ እነዚህ መጻሕፍት የሚዘጋጁት ለአሳታሚው ገበያ ነው። ለምሳሌ ለአሜሪካ ገበያ የታተሙት የሄይንስ የላንድክሩዘር መጻሕፍት የሚያስተምሩት ስለ ቤንዚን ሞተሮች ነው። በሀገራችን የሚበዛው ግን የናፍጣው ላንድክሩዘር ነው። ሽፋኑ ላይ “ላንድክሩዘር” የሚለውን ስም አይቶ የገዛ ሰው፣ ኮፈኑን ሲከፍት መጽሐፉ የማያውቀው ሞተር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው፦ አሠራሩን ለመማር የሄይንስን ዓይነት መጽሐፍ አንብቡ፤ ቡሎን ለማጥበቅና ክፍተት ለመለካት ግን የፋብሪካውን መጽሐፍ እመኑ። አንድ ብቻ መያዝ የሚችል ሰው የፋብሪካውን የሞተር ጥራዝ ያስቀድም።

መለያው ምን ይላል?

በቶዮታ መኪኖች የሞተር ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋ ትገኛለች። ይህች ሰሌዳ ከታርጋው የተለየች ናት፤ የምትናገረውም ስለ መኪናው ማንነት ነው። በላይዋ “ኤች ዜድ ጄ 75” የሚል ጽሑፍ ካለ፣ “ኤች ዜድ” 1 ኤች ዜድ የተባለውን ሞተር፣ “ጄ” የላንድክሩዘርን ቤተሰብ፣ “75” ደግሞ የአካሉን ዓይነት ያመለክታል። “ኤች ጄ 75” ከሆነ ሞተሩ 2 ኤች ነው፤ “ቢ ጄ 75” ከሆነ ደግሞ የቢ ቤተሰብ ሞተር ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም እንደ መንታ ይመሳሰላሉ።

ይህ ልዩነት የፊደል ጨዋታ እንዳይመስለን። 2 ኤች እና 1 ኤች ዜድ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ናቸው፤ መጠናቸውም አራት ሊትር ገደማ ነው። ነገር ግን 2 ኤች ካምሻፍቱን የሚያዞረው በጥርስ ብረት ሲሆን፣ 1 ኤች ዜድ የሚያዞረው መካኒኮች “ችንጋ” በሚሉት የጎማ ቀበቶ ነው። ይህ ችንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። የ2 ኤችን መጽሐፍ ይዞ 1 ኤች ዜድን የሚጠግን ሰው ስለዚህ ችንጋ አንዲት ቃል አያገኝም። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ሞተር ነው። ችንጋው አንድ ቀን ከጎርጎራ በሚመልሰው መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ያን ዕለት መኪናው ላይ የተጫነው ዓሣ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሆስፒታል የምትወሰድ ወላድም ልትሆን ትችላለች።

ዛሬ መመሪያዎች ስካን ተደርገው በስልክና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። ስለሆነም ፋይሉን ከማመናችሁ በፊት የሞተሩን መለያ፣ የሚሸፍናቸውን ዓመታትና ገጾቹ ያልጎደሉ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ቋንቋና መለኪያ

የጋራዣችን ቋንቋ በአመዛኙ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራ እያልን እንሠራለን። በእጃችን የሚገባው መጽሐፍ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ቴስታታን “ሲሊንደር ሄድ”፣ ፍሪሲዮንን “ክላች” ይለዋል። ስለዚህ ቋንቋውን ያጠናው ተማሪ ዕቃውን አያውቀውም፤ ዕቃውን የሚያውቀው መካኒክ ቃሉን አያገኘውም። ሥዕሉ ግልጽ የሆነ፣ እያንዳንዱ ክፍል በቁጥር የተጠቆመበት መጽሐፍ ይህን ክፍተት ያጠብባልና ስንመርጥ ሥዕሉንም እንመልከት።

መለኪያም እንዲሁ ያሳስታል። አንድ መጽሐፍ የማጥበቂያ ኃይልን በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በኪሎ ግራም ሜትር፣ ሦስተኛው በፓውንድ ጫማ ይሰጣል። መጽሐፉ 60 ኒውተን ሜትር ያለውን ቡሎን፣ በፓውንድ ጫማ በተሰፈረ ቁልፍ 60 ድረስ የሚያጠብቅ ሰው ወደ 81 ኒውተን ሜትር ያደርሰዋል። ይህም ከታዘዘው በአንድ ሦስተኛ የበለጠ ነው፤ ቡሎኑ ሊበጠስ ወይም ጥርሱ ሊበላ ይችላል። በተጨማሪም በመመሪያዎች ውስጥ “ግራ” እና “ቀኝ” የሚባሉት በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ለሚያይ ሰው ነው። ለእንግሊዝና ለጃፓን ገበያ በታተሙት ላይ ደግሞ መሪው በስተቀኝ እንደሚታይ ማስታወስ ይገባል።

መጽሐፉ ባሕር ዳርን አያውቅም

አንድ መምህር ወዳጄ አሮጌ ኮሮላ አለው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ጉልበት አነሰው ብሎ ወደ ጋራዥ ወሰደው። ወጣቱ መካኒክ ትክክለኛውን የፋብሪካ መጽሐፍ ይዞ የአራቱንም ሲሊንደሮች ግፊት ለካ፤ ሁሉም መጽሐፉ ከሚለው በታች ሆኑ። “ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት” አለ። ወዳጄ የእቁቡን ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ሊያውል ተዘጋጀ። በዚያው ግቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ግን የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጡና “ልጆቼ፣ ይህ ሞተር ጤነኛ ነው፤ መጽሐፋችሁን ደግማችሁ እዩት” አሉ።

ማን ትክክል ነበር? መልሱን ፊዚክስ ይሰጠናል። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 81 በመቶ ዝቅ ይላል። ፒስቶኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነውና፣ በመለኪያው የሚነበበው ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለምሳሌ መጽሐፉ 12 የሚል ከሆነ፣ 12 ሲባዛ በ0.81 ወደ 9.7 ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ዳር 9.7 ያሳየ ሞተር አልታመመም። በከፍታ የማይለወጠው ምልክት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ካነሰ ያን ጊዜ እውነተኛ ሕመም አለ። የወዳጄ መኪና አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ነበሩ። ችግሩ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሆኖ ተገኘና የእቁቡ ገንዘብ ተረፈ።

ተመሳሳይ ነገር በቴርሞስታት ላይም ይታያል። አንዳንድ መመሪያዎች ቴርሞስታቱን በውሃ ውስጥ አሙቃችሁ በ95 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚከፈት ለኩ ይላሉ። በባሕር ዳር ግን ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መጽሐፉን ቃል በቃል የሚከተል ሰው የማይቻል ነገር ሲጠብቅ ይውላል፤ ወይም ጤነኛውን ዕቃ ይጥላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የጥገና ጊዜ ሰሌዳው ነው። ጥሩ መመሪያ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው አቧራና ጭነት ለበዛበት አስቸጋሪ አጠቃቀም። የእኛ አብዛኛው መንገድ የሚመደበው በሁለተኛው ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ የምናልፈውን የዓባይ በረሃ እናስብ። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ80 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ካልተያዘ ይህ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲስብ ግን ይህ ገደብ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ብዙ መመሪያዎች በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ሰሌዳ ያላካተተ መጽሐፍ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለእኛ ጎደሎ ነው።

ምን እናድርግ?

“መካኒኮቻችን ያለ መጽሐፍ ስንት ዘመን ሠርተው የለምን?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሠርተዋል፤ የአዛውንቱም ጆሮ ከወጣቱ መለኪያ ቀድሞ እውነቱን አግኝቷል። ነገር ግን ጆሮ ችንጋው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይሰማም፤ ባለቤቱ ሲያልፍም ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል። እኔ የምለው መጽሐፍ የእሳቸውን ቦታ ይውሰድ አይደለም። ወጣቱና አዛውንቱ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኙ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመውና በ1992 ዓ.ም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ፖሊቴክኒክ፣ ከመጀመሪያው የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ሙያን ያስተምር ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እጠቁማለሁ። አንደኛ፣ የጥገና መመሪያዎች በመኪና ስም ሳይሆን በሞተር መለያ የሚደረደሩበት መደርደሪያ በቤተ መጻሕፍት ይኑር፤ የከተማው መካኒኮችም ገብተው ያንብቡ። ሁለተኛ፣ የቋንቋና የምህንድስና ተማሪዎች ተባብረው የጋራዡን ቃላት ከመጽሐፉ ቃላት ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ያዘጋጁ። ሦስተኛ፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ለባሕር ዳር፣ ለጎንደርና ለደብረ ታቦር ከፍታ የሚሆን የማስተካከያ ሠንጠረዥ ሠርተው በየጋራዡ ግድግዳ ይለጥፉ። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን የብዙ ሰዎችን የእቁብ ገንዘብ ያድናል።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ አንባቢ ዛሬውኑ የሚፈጽመው ነገር አለ። የቤተሰቡን ወይም የጎረቤቱን መኪና ኮፈን ከፍቶ በብረቷ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይገልብጥ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ይፈልግ።