መገናኛ ላይ ስትቆሙ፦ ዲ ወይስ ፎሌ?

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ነው። ከገርጂ መጥቼ መገናኛ ስደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። የእኔዋ ኦቶማቲክ ቪትዝ ናት፤ ማርሿ ዲ ላይ፣ እግሬ ፍሬን ላይ። ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁት። የቴሌግራም መልእክቱን አንብቤ ሳልጨርስ ኮፈኑ «ዷ!» አለ። ማስቲካና ሶፍት የሚሸጥ ልጅ በመኪኖቹ መሃል ሲያቋርጥ፣ የእኔዋ ወደ ፊት እየተንፏቀቀች ከፊት ካለው ሚኒባስ ጋር ልታጣብቀው ነበር። በመዳፉ ነው የመታት።

«ጋሼ፣ እየሄደች እኮ ነው!»

ነዳጅ አልረገጥኩም። እግሬ ፍሬኑ ላይ ላላ ብሎ ነው፣ በቃ።

«ኦቶማቲክ ሲቆም ዲ ላይ ይሁን ወይስ ፎሌ?» ሲባል እኛ ሹፌሮች የምንከራከረው ስለ ነዳጅና ስለ ካምቢዮ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ያን ያህል አያከራክሩም። ፎሌ ላይ የሞተሩ ጫና ስለሚቀንስ ትንሽ ነዳጅ ይተርፋል፤ የማኪያቶ እንኳ አይሆንም። ካምቢዮውም ዲ ላይ ስለቆመ አይበላሽም፣ ለዚያው ነው የተሠራው። ይልቅ የሚጎዳው ከፎሌ ወደ ዲ መልሰን ማርሹ በደንብ ሳይገባ ነዳጅ መርገጥ ነው። ሚኒባስ ሊቀድመን ሲል የማያደርገው ማን አለ?

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ዲ ላይ ያለ መኪና ቆሞም ቢሆን ሞተሩ ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ባለው ዘይት በኩል ጎማውን እየገፋ ነው። የያዘው እግራችሁ ብቻ ነው። እግር ደግሞ ይደክማል፣ ሐሳብም ይሄዳል። ፎሌ ላይ ግን ግፊቱ ይቋረጣል።

እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ሰልፉ ትንሽ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዲ፣ እግሬን ጠበቅ። ትራፊኩ የእኛን መስመር ዘግቶ ሌላውን ሲለቅ ፎሌ፣ ከእጅ ፍሬን ጋር። ያለ እጅ ፍሬን ፎሌ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል። ፒ አልወድም፤ ማንሻው የኋላ ማርሽን አልፎ ስለሚሄድ የኋላ መብራቱ ብልጭ ሲል ከኋላ ያለው ሰው ይደነግጣል።

ከእንጦጦ ቁልቁል በፎሌ የምትወርዱ ግን እባካችሁ ተዉ። በካርቡሬተር ዘመን ነዳጅ ይቆጥብ ይሆናል። የዛሬዎቹ ባለ ኢንጀክሽን መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጁ ሳይረገጥ ሲወርዱ ራሳቸው ነዳጁን ይዘጋሉ። ፎሌ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ እናንተም ሞተሩ የሚይዝላችሁን አጥታችሁ በሚግል ፍሬን ብቻ ትቀራላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መገናኛ ላይም ኤሌክትሪኩ በርክቷል። እነሱ ቶርክ ኮንቨርተር የላቸውም፤ ቢሆንም ብዙዎቹ ፍሬን ሲለቀቅ እንዲንፏቀቁ ተደርገው ነው የተሠሩት። «አውቶ ሆልድ» ያለው የያዛችሁ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ፈልጉት፤ ሲበራ መኪናዋን ራሱ ይዞ ያቆያል።

ልጁን መስኮት ዝቅ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሁለት ማስቲካም ገዛሁ። ምንም አልተናገረኝም። መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝና ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ። የዚያኛው ሹፌርም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያየ ነበር።