ሜትር ያዢዋ

ስለ ካሳ ስናወራ የምንጨቃጨቀው ሁልጊዜ በብሩ ላይ ነው። አነሰ፣ ዘገየ፣ ተበላ እንላለን። ያንን ብር ቅጽ ላይ ያሰፈረው ሰው ማን እንደሆነ ግን ብዙም አንጠይቅም። እኔ ዛሬ ነገር የምፈልገው በዚያ በኩል ነው፤ አዲስ ገማች እንዳይገባ በሩን ይዘው ከቆሙት ጋር።

ጣርማበርን ተሻግረው፣ ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት አለች። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የይፋት ቆላ ገበሬ ወንዙን በቦይ ጠልፎ ሽንኩርት ያለማል፣ ማሾና ማሽላ ይዘራል፣ ማንጎና ፓፓያ ከጓሮው አይጠፋም። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ወደ ምሥራቅ ወረድ ሲሉ ደግሞ አፋሩ፣ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ታዲያ መንገድ ሲሰፋ፣ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ከተማው ወደ ማሳው ሲገፋ፣ አንድ ቡድን ሜትርና ቅጽ ይዞ ከች ይላል።

ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስላለ፣ ገበሬው የሚካሰው ለአፈሩ አይደለም። በላዩ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ገበሬ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር አባዝቶ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላል! ግን እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሰው በመስኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ሽንኩርት ያነሳል እንበል፤ ከእያንዳንዱ 40 ሺህ ብር ይቀረዋል። ገማቹ ደጋ ያደገ ሆነና “እርሻ በዓመት አንዴ ነው” ብሎ አንዱን ምርት ብቻ ከጻፈ፣ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚገባው ሰው 600 ሺህ ይዞ ይሄዳል። እጥፉ ስህተቱንም እኮ በአሥራ አምስት ያባዛዋል።

ስለዚህ ገማቹ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ነው።

ከወራት በፊት አንዲት ልጅ አነጋገርኩ። የመሬት አስተዳደር ምሩቅ ናት፤ እናቷ አርጎባ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ጠርቼ ልጅቷን አላስበላም። “ሥራሽ ምንድን ነው?” ብላት ሳቀችና “ሜትር እይዛለሁ” አለችኝ። “ጋሼ እገሌ ጫፉን ያዢ ይሉኛል፣ እይዛለሁ። ቁጥር እጠራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ቅጽ ላይ ስሜ የለም።”

አንድ ቀን ወደ አንድ ግቢ ይገባሉ። ባልየው ገበያ ሄዷል። የቡድኑ መሪ ሚስቲቱን “አባወራው የሉም?” አላት፤ የሉም ስትለው ከደጅ ያሉትን ሦስት ማንጎዎች ቆጥሮ ሊወጣ ሆነ። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ እያለ ማለቴ ነው! ሜትር ያዢዋ ግን ሴትዮዋን በኦሮምኛ ሰላም ብላ ጓሮ ገባች። እዚያ በድንጋይ የተገነባ የውኃ ጉድጓድ አለ፣ ፓፓያ አለ፣ ሎሚ አለ። ባዕድ ወንድ ጓሮ ድረስ ዘልቆ አይገባም፤ ሴትዮዋም ጎትታ አታስገባውም። “ልጄ፣ ይሄንንስ አትጽፉትም?” አለቻት። የተጻፈው ልጅቷ ከመሪው ጋር ተጨቃጭቃ ነው። የዚያን ቀን ያተረፈችው ግሳጼ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እዚህ ደግሞ ባለቤቲቱን ንቀው አጥሩን ይለካሉ።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። “ልምድ የላትም” ይላሉ። የት ታምጣው? ማስታወቂያው ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ የሚገኘው ቅጽ በመፈረም ነው፤ ለመፈረም ደግሞ ልምድ ይጠየቃል። “የቆላው ፀሐይ ለሴት ይከብዳል” የሚሉም አሉ። በዚያው ፀሐይ ውኃ ተሸክማ የምታልፈውን ሴት መኪናቸው አቧራ ሲያለብሳት አያዩም መሰለኝ።

ጠንከር ያለው ክርክር “ግምት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ጾታም ብሔርም የለውም” የሚለው ነው። ይኼ ሥራ በሠለጠነበት አገር የሆነውን ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ የጥቁር ባልና ሚስት ቤት 995 ሺህ ዶላር ተገመተ። ሰዎቹ አላመኑም። የቤተሰብ ፎቷቸውን ከግድግዳ አውርደው፣ ነጭ ወዳጃቸውን ባለቤት አስመስለው ሌላ ገማች አስጠሩ። ያው ቤት 1 ሚሊዮን 482 ሺህ 500 ዶላር ወጣለት። ሜትሩ አልተለወጠም፤ ግድግዳውም አልተለወጠም። በዚያ አገር ገማቾቹ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው፤ አዲስ ገቢ የሚሠለጥነው በነባር ገማች ሥር ሲሆን፣ ነባሩ የሚያስጠጋው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ነው። የኛን መሰላችሁ አይደል?

በይፋት ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የተቃጠለ ቤት ሲገመት የሚለካ ግድግዳ የለም፤ የሚቀረው የሰው ቃል ነው። ደም በተቃቡ ጎረቤታሞች መካከል የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ፣ በአንድ ቋንቋ ብቻ ጠይቀው የጻፉትን ቁጥር ማን ያምናል? ቁጥሩ ትክክል ቢሆንስ እንኳ!

ሕጉ እንኳ ከነሱ ይሻላል። የ2011ዱ አዋጅ ግምት መጀመሪያ ፈቃድ ባለው የግል ድርጅት፣ እሱ ከሌለ ራሱን በቻለ የመንግሥት ተቋም፣ ሁለቱም ከጠፉ በባለሙያዎች ኮሚቴ ይሠራ ብሎ ነበር። ኮሚቴ የመጨረሻው ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ሆኖ ቁጭ አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ከተሞች ለካሳ ብቻ ሳይሆን ለግብርም ገማች ሊፈልጉ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በመሬት አስተዳደር ልጆች ሲያስመርቅ ኖሯል። ሜትር እያስያዙ ከማስረጀት፣ የተለማማጅነት ጊዜያቸው በፊርማ ይቆጠር፤ ሁለተኛ ቋንቋ የሚችል ነጥብ ይያዝለት፤ ጓሮ የሚገባ ሰው የሌለው ቡድን ከቢሮ አይውጣ።

ይህን ለማድረግ በጀት የለም እንዳይሉኝ። ቅጹ ግርጌ “የገማቹ ስምና ፊርማ” ከሚለው ሥር “የተለማማጅ ገማች ስምና ፊርማ” የሚል አንድ መስመር መጨመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ኮምፒዩተሩ እዚያው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው።