የጋራዡ በር አልከፈት ሲል

ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ እናቴን አስሟ ተነሣባት። የምትስበው መድኃኒት ሊያስታግስላት አልቻለም። ባለቤቴ እማዬን ደግፋ ስታወጣ እኔ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ሪሞቱን ተጫንኩ፤ ዝም። ደገምኩት፤ አሁንም ዝም። ለካ መብራት ሄዷል! መኪናውም እኛም ውስጥ፣ በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

እንዲህ ላለው ጊዜ የተሠራች አንዲት ቀይ ገመድ ከሞተሩ ሃዲድ ላይ ተንጠልጥላ እንደምትገኝ አውቃለሁ። ችግሩ፣ ልጆቹ እየጎተቱ ሲያስቸግሩኝ በገዛ እጄ ወደ ላይ ጠቅልዬ በሽቦ አስሬያታለሁ። በርጩማ ላይ ቆሜ፣ በስልክ መብራት ያንን ሽቦ ስፈታ ያለፈው ሩብ ሰዓት እንደ ዓመት ረዝሞብኛል። እማዬ በሰዓቱ ደርሳ ታከመች፤ ዛሬ ደኅና ናት። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ የበሩን ነገር አጥብቄ ተማርኩ። በሞተር ወደ ላይ የሚከፈት የጋራዥ በር ካለዎት፣ የዚህ ወር አምዳችን ለእርስዎ ነው።

ድምፅ አለ ወይስ የለም?

በሩ አልከፈት ሲል መጀመሪያ ጆሮዎን ይስጡት። ሞተሩ ጨርሶ ድምፅ ከሌለው ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። የቤቱ መብራት አለ? የሞተሩ ሶኬት ጣሪያው አጠገብ ስለሚሆን ላልቶ ቢወጣ ማንም አያይም፤ ቀና ብለው ይመልከቱ። ቀጥሎ ብሬከሩን ይዩ። ወርዶ ከሆነ አንድ ጊዜ ይመልሱት። ወዲያው ተመልሶ ከወረደ ግን ደጋግመው አይሞክሩ፤ ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ።

ኃይል እያለ ሪሞቱ ብቻ ካልሠራ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ይጫኑ። በእሱ ከተከፈተ የሪሞቱን ባትሪ ድንጋይ ይቀይሩ። ባትሪው አዲስ ሆኖም እምቢ ካለ፣ ብዙዎቹ የግድግዳ ማብሪያዎች ሪሞቶችን በሙሉ የሚቆልፍ ቁልፍ እንዳላቸው ያስታውሱ። ለጉዞ ስንወጣ እንድንጠቀምበት የተሠራ ነው፤ ልጅ ሲነካካ ወይም ሠራተኛ ስታጸዳ ሳይታወቅ ሊቆለፍ ይችላል። ልጆች በሩን አሥር ጊዜ ከከፈቱና ከዘጉ በኋላ ሞተሩ ፀጥ ካለ ደግሞ ሞቆ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳርፉትና እንደገና ይሞክሩ።

ሞተሩ ይሠራል፣ በሩ ግን አይንቀሳቀስም

ሰንሰለቱ ወይም ቀበቶው እየሄደ በሩ ካልተነቃነቀ ቀይዋ ገመድ ተስባ በሩ ከሞተሩ ተላቋል ማለት ነው። ሞተሩ እያቃሰተ በሩ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ መጀመሪያ የእጅ መቀርቀሪያውን ይዩ። ይኼኛውንም ከራሴ ነው የተማርኩት። ያን ሌሊት ከሆስፒታል ስንመለስ መብራት ገና ስላልመጣ፣ በሩን በእጄ ዘግቼ ከውስጥ ቀረቀርኩት። ከሞተሩ የተላቀቀን በር ማንም ከውጭ ሊያነሣው ስለሚችል መቀርቀሬ ልክ ነበር። ጥፋቴ ጠዋት በሩን መልሼ ከሞተሩ ጋር ሳያይዝ መቀርቀሪያውን መርሳቴ ነው። ሪሞቱን ደጋግሜ ስጫን የበሩ የላይኛው ገጽ ጎበጠ፤ እስከ ዛሬ እንደ ጎበጠ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲያቃስት ከሰሙ እጅዎን ከሪሞቱ ያንሡ።

ሞተሩ እያጉረመረመ ሰንሰለቱም የማይሄድ ከሆነ ካፓሲተሩ ወይም የውስጥ ጥርሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

በሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል

ብዙ ሰው በሩን የሚያነሣው ሞተሩ ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ከበሩ በላይ ወይም በሁለቱ ጎኖች የተወጠረው ሞላ ነው። ሞተሩ የሚያግዘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞላው ሲሰበር በሩ ስንዝር ያህል ተነሥቶ ይቆማል፤ በእጅ ሲያነሡትም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አንዳንዴ ቤተሰቡ ቀደም ብሎ ከጋራዡ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ሰምቶ ይሆናል። ከበሩ በላይ ያለውን ሞላ ቀና ብለው ሲያዩት ለሁለት ተከፍሎ ክፍተት ከታየበት ምክንያቱን አገኙት።

የተለመደው ሞላ የሚሠራው በግምት 10,000 ጊዜ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው። በቀን 4 ጊዜ የሚከፈት በር ይህን ቁጥር በ7 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። ሞላው ቢያረጅ አይግረምዎት፤ ራስዎ ለመቀየር ግን አይሞክሩ። ሞላው፣ የሽቦ ገመዶቹና ገመዶቹ የታሰሩባቸው ከበሩ ሥር ያሉ ብረቶች ከፍተኛ ውጥረት ላይ ናቸው። በመፍቻ ሲነካኩ ተስፈንጥረው እጅ ሊሰብሩ፣ ከዚያም የከፋ ሊያደርሱ ይችላሉ። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አይሞክሩ።

ቀይዋን ገመድ እንዴት እንስባት?

መብራት ሲጠፋ በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እያለ ገመዷን ቁልቁል ይሳቡ፤ ከዚያ በሩን በሁለት እጅ ከመሐሉ ያንሡት። ሞላው ጤነኛ ከሆነ በቀላሉ ይነሣል። ከከበደዎት አይታገሉት። አጣዳፊ ሕመም ከሆነ በሩን ትተው ለአምቡላንስ ወደ 907 ይደውሉ። በሩ ክፍት እያለ ደግሞ ገመዷን ለመሳብ አይቸኩሉ፤ ሞላው ተሰብሮ ከሆነ በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል።

በሩ እስኪከፈት መኪናውን ለማሞቅ ብለው ሞተር አያስነሡ። ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ አይሥራ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል።

ተከፍቶ አልዘጋ ካለ

ይኼ ሌላ ችግር ነው። ከወለሉ እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ፣ በበሩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትናንሽ ዓይኖች ተፋጠው ተተክለዋል። በመካከላቸው ልጅ ወይም ድመት ሲያልፍ በሩ እንዳይወርድ ያደርጋሉ። የበጋ አቧራ፣ የሸረሪት ድር ወይም ተደግፎ የተቀመጠ ብስክሌት ሲጋርዳቸውም በሩ አይዘጋም። በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጠምዘዝ ብለው ከሆነ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ያስተካክሉ። ነቅሎ መጣሉን ግን አያስቡት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለቤት የሚሠሩ የበር ሞተሮች ሰው ሥር እንዳይይዙ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው ልጆች በሩ ሥር ተይዘው ስለሞቱ ነው።

ለዚህ ቅዳሜ

ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። በመጀመሪያ 4 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በሩ በሚያርፍበት ወለል ላይ አጋድመው በሩን በሞተር ይዝጉት። ጣውላውን ሲነካ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ እስኪጠገን ድረስ በሞተር አይዝጉት። ማጠፊያዎቹንና ተሽከርካሪዎቹን ለበር የሚሆን ቅባት ይቀቡ፤ ሃዲዱን ግን መጥረግ ብቻ ይበቃል፤ ግራሶ ከተቀባ አቧራ ይሰበስባል። ጋራዥዎ ሌላ መግቢያ ከሌለው ከውጭ በቁልፍ የሚለቀቅ መፍቻ ያስገጥሙ።

በመጨረሻ፣ በሩ ተዘግቶ እያለ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ቀይዋን ገመድ በየተራ ይሳቡ፤ ጥበቃውም ጭምር። ለልጆቹም መጫወቻ እንዳልሆነች ያስረዷቸው። እንደ እኔ በሽቦ አይሰሯት። እኛ ቤት አሁን ገመዷ ነፃ ናት፤ የእጅ ባትሪም ከሥሯ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር መብራት ሲጠፋ በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቅዳሜን አይለፉት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ደጅዎ በፈለጉት ሰዓት ይከፈት!