ገመድ አልባው ድሪል ልጆች ባሉበት ቤት

በበዓል ሰሞን ከውጭ የሚመጡ ልጆቻችን ሻንጣ ውስጥ አሁን አሁን ከጫማውና ከሽቶው ጋር አንድ ሌላ ዕቃ አይጠፋም፤ በባትሪ የሚሠራ ድሪል። «አባዬ መጋረጃ ለመስቀል ሰው ፍለጋ ከሚንከራተት» ተብሎ የተገዛ ነው። ከመርካቶ ወይም ከሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛውም ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ድሮ የቤታችን መሣሪያ መዶሻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ነበር። እነዚህ ሰው ካላነሳቸው ተኝተው ይውላሉ። ድሪሉ ግን የአራት ዓመት ሕፃን ጣት ሲነካው ይዞራል። ገመድ ስለሌለውም ከሶኬት ነቅዬ አስቀምጫለሁ ብሎ መጽናናት አይቻልም።

በመጀመሪያ ቻርጀሩ ይታይ። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን የሚያስማማ መሰኪያ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን መሰኪያ መቀየር አያድነውም፤ ቻርጀሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ለዚህ 220ውን የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ወይም ለዚያው ባትሪ የተሠራ የ220 ቻርጀር ያስፈልጋል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ በመጣ ዕቃ ይህ ስጋት የለም።

ዕቃው ገና የሚላክ ከሆነ ለልጆችዎ ይህን ይንገሯቸው፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። መጠኑም ገደብ አለው። ቮልቱን ባትሪው ላይ በተጻፈው አምፒር ሰዓት ሲያባዙት ከ100 ካልበለጠ ችግር የለም፤ ከ100 እስከ 160 ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ስለሚሆን ያልፋል። ባለ 6ቱ ግን 108 ይሆናልና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሱቅ ገብተው የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በቁጥር አይታለሉ። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ይሆናሉ። ሞልተው ሲያድሩ እያንዳንዳቸው እስከ 4.2 ስለሚደርሱ ድምሩ 21 ይሆናል። «18»፣ «20» እና «21» የሚሉት አብዛኞቹ ዕቃዎች በኃይል የተለያዩ ሳይሆኑ አንዱ ሲሠራ ያለውን፣ ሌላው ሲሞላ ያለውን የሚናገሩ ናቸው። «48» ወይም «88» የሚል ትልቅ ቁጥር ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ያው አምስት ሴል የሆኑም አሉ። ይህን ማወቅ ገንዘብ ለማዳን ብቻ አይደለም። ባትሪው ከራሱ ቻርጀር ሌላ አይሰጠው። ጫፉ ስለገባለት ብቻ የጎረቤትን ቻርጀር መሰካት ባትሪውን ከልኩ በላይ ይሞላዋል፤ ከልኩ በላይ የሞላ ሊቲየም ደግሞ ይነዳል።

ቻርጅ ሲያደርጉ በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከሶፋ ራቅ አድርገው፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሁን። ሌሊቱን ሰክቶ መተኛት ይቅር። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለና ጥቂት ቆይተው ይሰኩት። ከሥራ ትኩስ ሆኖ የወጣ ባትሪ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ። ድሮ «ባትሪ ጨርሶ ካላለቀ አይሞላም» ሲባል የሰማነው ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ሊቲየም ጨርሶ ማለቅን አይወድም። ድሪሉ ሲዝል ማስነሻውን ደጋግሞ መጫን ትተው ባትሪውን ቻርጅ ያድርጉት።

ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ምንም ሳይሠራ የሚሞቅ ባትሪ አብቅቶለታል። አይሰካ፣ አይፈታ፣ አይበሳ። ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ለቁራሌውም አይሰጥ። ያ ልጅ ሚዛን ለማስገባት በድንጋይ ቢቀጠቅጠው ፊቱ ላይ የሚነድበት እኛ የሰጠነው ዕቃ ነው። የብረት ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍነው፣ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ከቤት ውጭ ያኑሩትና የሸጠልዎትን ሱቅ ወይም የወረዳዎን ጽዳት ክፍል ይጠይቁ። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ቢጨስ ወይም ቢያፏጭ በእጅ ማንሳት አይገባም፤ ጭሱም መርዛም ነው። ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ በር ይዝጉ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ በ939 የእሳት አደጋን ይጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከዚያ በፊት ያለው ጥንቃቄ ይቀላል።

ወደ ሥራው ስንመጣ ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ ፑንታ ሲቀይሩ፣ ሲያጸዱና ሲያስቀምጡ ባትሪው ይውጣ። ከማስነሻው በላይ ግራና ቀኝ የሚገፋ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ድሪሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዞረው እሱ ነው። መካከል ላይ ሲቆም ማስነሻው አይጫንም። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሕፃንም ሊገፋው ይችላልና በእሱ አይተማመኑ።

ገመድ የለውም ማለት ከኤሌክትሪክ ራቀ ማለትም አይደለም። በኮንዶሚኒየምና በብሎኬት ቤቶቻችን ግድግዳ ውስጥ 220 ቮልት የተሸከመ ሽቦ በቱቦ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከሶኬቱና ከማብሪያ ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። በዚያ መስመር አይብሱ። ከመብሳትዎ በፊት ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ያውርዱ፤ ድሪሉ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሳይኖርም ይሠራል። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ከሆነ የውኃ ቧንቧውንም ያስቡ።

ሲሠሩ መነጽር ያድርጉ፤ የማንበቢያ መነጽር ዓይንን ከጎን አይከልልም። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የአንገት ሐብልና የተለቀቀ ጸጉር ከሚዞር ፑንታ ይራቁ። የእጅ ጓንትም ለድሪል አይመከርም፤ ጨርቁ ሲያዝ እጅን ይዞ ይዞራል። የብሎኬት አቧራ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ማስክ ያስፈልጋል፤ አስም ያለበት ልጅ ሌላ ክፍል ይቆይ። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር ያላችሁ ደግሞ መከለያውን ፈጽሞ አትፍቱ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ መብለጥ አለበት። የእንጨት መጋዝ ዲስክ ግራይንደር ላይ ማሰር ከመጀመሪያውም የማይሞከር ነው።

እንክብካቤው ብዙ አይጠይቅም። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ገላውን በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃል፤ ቤንዚን ፕላስቲኩን ይበላዋል። ለወራት የማይነካ ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማኖር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ዕድሜውን ያሳጥራል። ከምስማር፣ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በአንድ ከረጢት አይደባለቅ፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ካገናኛቸው ባትሪው ይግላል።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር እንጨምር። ድሪሉ ከአንድ ቦታ፣ ባትሪው ከሌላ ቦታ፣ ሁለቱም ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። ነገር ግን መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ የተደበቀውን ይፈልጋል፣ አያቱ ያደረጉትንም ያደርጋል። እርስዎ ያለ መነጽር ከበሱ እሱም ያለ መነጽር ይበሳል። ለትንሹ ባትሪ የሌለውን ድሪል አስይዘው ምን ምን እንደሆነ ያሳዩት። ከፍ ያለው ወንድም ሆነች ሴት ልጅ፣ እርስዎ ከጎን ቆመው፣ በተረፈ ጣውላ ላይ ይለማመዱ፤ እንጨቱ ግን በሞርሳ ይታሰር እንጂ በእጅ አይያዝ። ሥራው ሲያልቅ ባትሪውን አውጥቶ ለእርስዎ የማስረከቡ ድርሻ የልጁ ይሁን። በየጊዜው ካስረከበ ልማድ ይሆነዋል፤ አንድ ቀን እርስዎ ቢዘነጉም የሚያስታውስ ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል።