ሳሎን ውስጥ የሚሟገት ድኽነት

ባለጸጋና ድኻ በንግግር የሚፋጠጡባቸውን የአማርኛ ፊልሞቻችንን ለዓመታት በትዕግሥት ተመልክቻለሁ። አካሄዳቸውን አንባቢም ያውቀዋል። የሀብታም ልጅ በመኪናዋ አንዱን ምስኪን ልትገጨው ለጥቂት ትስተዋለች፤ ይዋደዳሉ፤ እናቲቱ ወጣቱን ወደ ሰፊው ሳሎን ታስጠራውና ቼክ ጽፋ ትዘረጋለታለች፤ እርሱም ፍቅሩን በገንዘብ እንደማይሸጥ ተናግሮ ይወጣል። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ግን ማጨብጨብ ካቆምሁ ቆይቻለሁ።

በዚህ ሙግት ድኻው የሚናገረው ሲጠራ ብቻ ነው፤ ጨዋነቱም የሚመዘነው ቼኩን ባለመቀበሉ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. ለተመልካች ባበቃው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ይህን አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። ባላባቱ ያለ ዕረፍት ሲያዝና ሲሳደብ ገበሬዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ፊት ለፊት የሚሞግተው መሬቱን የተነጠቀው፣ እንደ እብድ የሚታየው ሰው ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች ሳይጠራሩ ከ50 ዓመት በላይ ሲገናኙ ኖረዋል። ወደ ድኻው ደጅ በየቀኑ ሲመላለስ የኖረው የባለጸጋ መኪና የቆሻሻ መኪናው ነው። አንዱ የጣለውን ጠርሙስና ብረት ሌላው ለቅሞ ይሸጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። በዚያው ሰሞን ካፌ ተቀምጠው «ቀድሞውንስ እዚያ ለምን ሰፈሩ?» የሚሉ ሰዎችን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሳሎኗ እመቤት ቃል ነው፤ የጎደለው ቼኩ ብቻ ነው።

ጸሐፊዎቻችን ግጭት ከፈለጉ ከአደጋው በፊት የሆነውን ያስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። የዚያ ገበሬዎች መሬታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው ስለተቃወሙ ተመልሶ ቆሼ ላይ ተደፋ። መኪናው ሲቀር የለቃሚው የዕለት እንጀራ ይቀራል፤ መኪናው ሲመለስ ክምሩ ከቤቱ ራስጌ ያድጋል። ገበሬው እውነት አለው፤ ለቃሚውም እውነት አለው። ሁለቱን ያጋጨው የከተማ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ማዳበሪያውን አስሮ ደጅ አውጥቶ ተኝቷል።

እነዚህን ሦስቱን አገናኝቶ ያነጋገረ ፊልም እስካሁን አላየሁም። ገበሬው «ወደመጣበት መልሱት» ሲል፣ ለቃሚው ምን ይመልስለት ነበር?