«ጮኽ በል» መድኃኒት አይደለም

ባለፈው ወር ለዋይፋይ ብዬ ሲቀላ ባለ አንድ ካፌ ላፕቶፔን ዘርግቼ፣ ለተግባር ልምምድ በዙም ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። ጠያቂዎቹ ሦስት ጊዜ «አይሰማም፣ ጮኽ በል» አሉኝ። ጮኽሁ። ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ መልሴን ሰማ፤ እነርሱ ግን አልሰሙም። በኋላም «በራሱ አይተማመንም» ተብዬ ቀረሁ።

ጥፋቱ የጉሮሮዬ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ያዳምጥ የነበረው አፌ ሥር ያለውን የማዳመጫዬን ማይክ ሳይሆን የራሱን፣ ራቅ ብሎ ያለውን ነው። ስለዚህ ከመጮኽ በፊት በዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ኢንፑት» ከሚለው ሥር ማዳመጫው መመረጡን፣ መጠኑም ዝቅ አለማለቱን ማየት ይገባል። በሽቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውርም አትርሱ። ጫፉ ላይ ሦስት ቀለበት ያለው ባለ አንድ ጃክ ማዳመጫ ደግሞ፣ ሮዝና አረንጓዴ ቀዳዳ ባለው የላብራቶሪ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ማከፋፈያ ሽቦ በደንብ አይሠራም።

«ቡስት» የተባለውን ወዲያው 30 ዴሲቤል የሚያደርሱ አሉ፤ እኔ አልደግፍም። 20 እንኳ ሲሆን ሞገዱን ዐሥር እጥፍ ያሳድገዋል፤ የእናንተን ድምፅ ብቻ ሳይሆን በደጅ የሚያልፈውንም ባጃጅ! በ10 መጀመር ይሻላል።

ጠያቂዎችስ? ሰውን ዓይን አፋር ከማለታቸው በፊት ሁለት ደቂቃ የመሞከሪያ ጊዜ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ማኅበራችንም አንድ ደህና ማዳመጫና አንድ ማከፋፈያ ገዝቶ በቢሮው ያኑርልን፤ ቃለ መጠይቅ ያለበት ተማሪ ፈርሞ ይውሰድ።